በፍራንክፈርት ምርጡ ሳምቡሳ የት ነው?

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። ዋሽንግተን የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ለሥራ ወደ ጀርመን ልትመጣ መሆኗን ልትነግረኝ ደወለች። የጤናውን፣ የልጆቹን፣ የአገር ቤቱን ወሬ ጨርሰን ልንሰነባበት ስንል፣ «ለመሆኑ እናንተ ጋ ክራብ ራንጉን የሚባል ነገር አለ?» ስትል ጠየቀችኝ። ለአንድ የቀድሞ ጋዜጠኛ አላውቅም ማለት ሞት ነው። «የትኛውን ማለትሽ ነው?» ብዬ ለማምለጥ ሞከርኩ። እሷ ግን ገብቷታል። «አታውቀውም ማለት ነው» ብላ ሳቀችብኝ።

እንዳስረዳችኝ ከሆነ ክራብ ራንጉን ማለት በስስ ሊጥ ውስጥ የባሕር ሸርጣን ሥጋና ለስላሳ አይብ ተጨምሮ፣ ጫፍ ጫፉ ተቆንጥጦ በዘይት የሚጠበስ ነገር ነው። አሜሪካ ያሉ የቻይና ምግብ ቤቶች ይሸጡታል። እሷና የመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ ዓርብ ዓርብ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እየዞሩ የከተማውን ምርጥ ሲፈልጉ ከርመዋል።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ልማዴ ነውና ነገሩን አገላብጬ አነበብኩ። ራንጉን የበርማ ዋና ከተማ የነበረችው የዛሬዋ ያንጎን ናት። ምግቡ ግን የበርማም የቻይናም አይደለም። ቪክቶር በርጀሮን የተባለ የካሊፎርኒያ ሰው የመሠረተው ትሬደር ቪክስ የሚባል የምግብ ቤቶች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያስተዋወቀው አሜሪካዊ ፈጠራ ነው። ስሙ የእስያ፣ አይቡ የአሜሪካ! የዚሁ ድርጅት ስም ያለበት ቤት ለእኛ የሚቀርበው ሙኒክ፣ ባየሪሸር ሆፍ ሆቴል ውስጥ ነው። ፍራንክፈርት ውስጥ የጠየቅኳቸው ሦስት የቻይና ምግብ ቤቶች «ዋን ታን አለን፣ አንተ ያልከውን አናውቅም» ብለው ሸኙኝ።

በሳምንቱ ይህንኑ ስነግራት፣ «ታዲያ በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ የሚጠበስ ምን አላችሁ?» አለች።

«ሳምቡሳ ነዋ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

«ጥሩ። ምርጡ የት ነው? ስመጣ ትወስደኛለህ።»

ዝም አልኩ። በዚህች ከተማ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ነው የቀረኝ። ሐበሻ ምግብ ቤቶቿን በስም፣ በአድራሻ፣ በባለቤቶቹም የትውልድ ወረዳ ጭምር አውቃቸዋለሁ። ነገር ግን የምበላው በሁለቱ ቤት ብቻ ነው። ምክንያቱን ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። እያንዳንዳችን «የእኛ ቤት» የምንለውና «እዚያስ አልገባም» የምንለው ቤት አለን። አንዱ በ97ቱ ምርጫ ጊዜ በተናገረው፣ ሌላው በሰላማዊ ሰልፍ በያዘው ባንዲራ፣ ሦስተኛው ግድግዳው ላይ በሰቀለው ፎቶግራፍ ተለይቶብናል። ምርጡን ለማወቅ ሁሉንም መቅመስ ግድ ነው። እኔ ደግሞ ሁሉንም አልቀመስኩም። «እነግርሻለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

እንግዳዬ ልትመጣ ስድስት ቅዳሜ ቀርቷታል።

የውድድሩ ሕግ

ጊዜው የ2017 ዓ.ም. የካቲት ማብቂያ ነበር። በዚያ ዓመት ሁዳዴ ሰኞ ገብቶ ረመዳን በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ገባ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ራሱ መጣ፤ የምስር ሳምቡሳ ብቻ። የሥጋው ጉዳይ ብዙ ነው። ክርስቲያኑ ጾም ነው፣ ሙስሊሙ ማን አረደው ይላል፣ ሐኪም የከለከለውም አለ። ምስሩን ግን ማንም ይበላዋል። እስቲ ሌላ በመካከላችን እንዲህ ያለ ነገር ካለ ንገሩኝ።

ሁለተኛው ሕግ ቂጣው ነው። ስስ ሆኖ ሲነከስ ድምፅ መስጠት አለበት፤ ግን እንደ ወረቀት ተሰነጣጥቆ ጭን ላይ የሚበተን መሆን የለበትም። ሦስተኛው ምስሩ ነው። ፍሬ ፍሬው ተለይቶ መታየት አለበት። ቃሪያው ከሽንኩርቱ ጋር ይሰማ፣ ጨው ይኑረው፣ ውኃ አይቋጥር። አራተኛው ዘይቱ ነው። የተበላበት ወረቀት ላይ የሚቀረው የዘይት ምልክት ከአንድ ዩሮ ሳንቲም ከበለጠ ወደቀ ማለት ነው። አምስተኛና የመጨረሻው፣ ስናዝ የተጠበሰ ይሁን።

ለዳኝነት አንድ ወዳጄን ያዝኩ። ታክሲ ነጂ ነው፤ ፖለቲካ ሲነሳ ሬዲዮኑን የሚከፍት፣ ሁሉም ቤት የሚገባ፣ በሁሉም ቤት የሚሰማ ሰው። «ስም አትጥቀስ እንጂ አብሬህ እዞራለሁ» አለኝ። ቃል ገባሁ። እውነቱን ለመናገር ለእኔም ይበጀኛል። አምስት ቤት ስም ጠርቼ አንዱን ብቻ ባመሰግን የሚቀጥለው ሳምንት እትም በማስተባበያ ይሞላል።

ከባቡር ጣቢያው እስከ ዛክሰንሃውዘን

የመጀመሪያው ቅዳሜ ባቡር ጣቢያው አካባቢ ነበርን። ሙንሽነር ሽትራሰን የማያውቅ ፍራንክፈርት ገባሁ አይበል። 11 ቁጥር ትራም መሐሉን ሰንጥቆ ሲያልፍ፣ ግራና ቀኙ የቱርክ ዳቦ ቤት፣ የእስያ ሸቀጥ መደብር፣ የአፍሪካ ፀጉር ቤት ነው። ከዚያ ብዙም ሳንርቅ የገባንበት ቤት ሳምቡሳው ሲያዩት ያምራል፤ ቆዳው እንደ መስተዋት ለስልሶ እዚህም እዚያም ውኃ እንደቋጠረ አብጧል። ስነክሰው ግን ገባኝ። ቂጣው ከእስያ መደብር በረዶ ሆኖ በፓኬት የሚገዛው፣ ቻይኖቹ ለስፕሪንግ ሮል የሚጠቀሙበት ነው።

ባለቤቷን ስጠይቃት አልካደችም። «ወንድሜ፣ ለአንድ ሠራተኛ በሰዓት ስንት እንደምከፍል ታውቃለህ?» አለችኝ። አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2025 የጀርመን ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 12 ዩሮ ከ82 ሳንቲም ነበር። ሊጥ አቡክቶ፣ አሳርፎ፣ ዳምጦ፣ ምጣድ ላይ አስነክቶ፣ ቆርጦ ሃምሳ ሳምቡሳ ለማድረስ ቢያንስ የሁለት ሰዓት ሥራ ነው። የቂጣው ድካም ብቻ በአንዱ ሳምቡሳ ላይ ሃምሳ ሳንቲም ይጨምራል። እሷ የምትሸጠው በሁለት ዩሮ ነው። «አንተ በእጅ የተዳመጠ ትፈልጋለህ፣ ደንበኛዬ ደግሞ ሁለት ዩሮም ተወደደ ይለኛል» አለች። ማስታወሻዬ ላይ «ቂጣው የቻይና፣ ምስሩ የእናት» ብዬ ጻፍኩ።

ሁለተኛው ቅዳሜ ቦርንሃይም ነበር፤ በርገር ሽትራሰን ይዘን ከአፕፈልቫይን ቤቶቹ አለፍ ብለን። እዚያ የቀረበልን ከማይክሮዌቭ የወጣ ነው። ላዩ ቡናማ፣ ውስጡ የሚፋጅ፣ ቂጣው ግን ዝናብ እንደመታው ካልሲ። ከዚህ የባሰ ነገር ለመጻፍ ጨዋነት አይፈቅድልኝም። ባለቤቱ መልካም ሰው ነው፤ ቡናው ግሩም ነበር።

ሦስተኛው ላይፕሲገር ሽትራሰ አጠገብ ቦክንሃይም ነው። ቂጣው በእጅ የተሠራ! ደስታችን ግን አልቆየም። ምስሩ ላመ። ወጥ ቤት ገብቼ ጆንያውን እንዳይ ፈቀዱልኝ፤ ቴለርሊንዘን ነው። ይህ ጀርመኖች ለሾርባ የሚወዱት ትልቁና ጠፍጣፋው ምስር ነው። ለሾርባ የሚወደደው ስለሚፈርስ ነው፤ ለሳምቡሳ የሚጠላውም በዚያው ምክንያት። በርግሊንዘን የሚሉት ትንሹ ቡናማ ምስር ግን ሲበስል ፍሬው እንደቆመ ይቀራል፤ ለእኛ ድፍን ምስር የሚቀርበው እሱ ነው። ይህን ስነግራት ወጥ ሠሪዋ፣ «ጋሼ፣ አሥር ዓመት ሠራሁት፣ የነገረኝ የለም» አለች። እኔም ደስ አለኝ። ጋዜጠኝነት ለአንድ ቀን እንኳ ጥቅም ሰጠ።

አራተኛው ከማይን ወንዝ ማዶ ዛክሰንሃውዘን ነው። ሻማ፣ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ ጀርመን እንግዶች። ሁለት ሳምቡሳ ከሰላጣ ጋር ስምንት ዩሮ። ከጎኑ ደግሞ በትንሽ ጎድጓዳ ሳህን አረንጓዴ ነገር መጣ። ዳጣ መስሎኝ ነበር። ግሪነ ሶሰ ነው! የፍራንክፈርት ሰዎች በሰባት ቅጠል የሚሠሩት፣ ከ2016 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት ስሙን ለአካባቢው ብቻ ያስከበረለት ማባያ። ቅጠሉ ምንም አልነበረ፤ ነገር ግን ጎምዛዛ ክሬምና እንቁላል ይገባበታል። የጾም ሳምቡሳችን በአንድ ማጥቀሻ ተፈሰከ።

ወዳጄ ተቆጣ። እኔ ግን ክራብ ራንጉንን አሰብኩ። የካሊፎርኒያው ሰው አይብ ሊጥ ውስጥ ከትቶ የራንጉን ስም ሲሰጠው የሳቅንበት እኛ ነን። አሁን የእኛው ልጅ ፍራንክፈርት ላይ ሳምቡሳን ከግሪነ ሶሰ ጋር ያቀርባል። ሃምሳ ዓመት ቆይቶ አንድ ሰው «ይህ የሐበሻ ጥንታዊ ምግብ ነው» ብሎ ቢጽፍ ማን ያርመዋል? ሐቁን ልናገርና፣ ወዳጄ እጁን ሊታጠብ ሲነሳ ደግሜ አጠቀስኩ። ይጣፍጣል።

ሳምቡሳ ራሱ የማን ነው?

ወደ ቤት ስመለስ በፍሬስጋስ በኩል አለፍኩ። ስሙ በጀርመንኛ የመብል መንገድ እንደማለት ነው። ፍራንክፈርት እ.ኤ.አ. በ2024 ከጀርመን ትልልቅ ከተሞች ቀድማ የረመዳን መብራት የሰቀለችው እዚህ መንገድ ላይ ነው። ጨረቃና ኮከቡን ሳስብ ልጅነቴ ትዝ አለኝ። በረመዳን ወር መርካቶ አመሻሽ ላይ በየበሩ ሳምቡሳ ሲጠበስ የሚወጣው ሽታ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ሁሉንም ያስቆም ነበር። ሳንጾም አብረን እናፈጥር ነበር።

«የእኛ» የምንለው ሳምቡሳ ሩቅ መንገድ የመጣ ነው። በ11ኛው መቶ ዘመን የጻፈው የፋርሱ የታሪክ ጸሐፊ በይሃቂ በነገሥታት ማዕድ ላይ ያነሳዋል። በ14ኛው መቶ ዘመን ዓለምን የዞረው የሞሮኮው ኢብን ባቱታ በዴልሂው ሱልጣን ቤት ሲበላ ያየውን ሲገልጽ፣ በስስ ቂጣ የተጠቀለለና የተከተፈ ሥጋ፣ ለውዝና ቅመም ያለበት ጥብስ ይላል። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1331 ገደማ በዘይላ ወደብ አልፏል፤ የከተማዋን የዓሣና የግመል እርድ ሽታ አምርሮ ጽፏል። ዘይላ ደግሞ ለሐረርና ለመሐል አገር የባሕር በር የነበረች ናት። ዐረቡ ሰንቡሰክ፣ ሶማሌው ሳምቡስ፣ ሕንዱ ሳሞሳ ይለዋል። ሕንዶቹ የሚሞሉበት ድንች እንኳ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ እንግዳ ነው። ቀይ ባሕርን ሳይሻገር የቀረ፣ ማንም ያልነካው ንጹሕ ሳምቡሳ የሚባል የለም።

በአምስተኛው ቅዳሜ ይህን ሁሉ ለአንዲት ኤርትራዊት ምግብ ቤት ባለቤት ስተርክላት ጨርሳ ሰማችኝና፣ «ወዲ፣ ታሪኩን ተወው፣ ምስሩ እንዴት ነው?» አለች። ምስሩ በጣም ጥሩ ነበር። ቂጣው ትንሽ ወፈረ እንጂ እስከዚያ ቀን ከቀመስነው ሁሉ በልጦ ነበር። እሷ ፍራንክፈርት የመጣችው በደርግ ዘመን ነው። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ ምን እንደሆነ ነገረችን። «ቅዳሜ ቤቴ ሙሉ ነበር፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከእናንተ ወገን አንድም ሰው አልመጣም። የልጆቼ ክርስትና ላይ የነበሩ ሰዎች በመንገድ ሲያዩኝ ተሻገሩ።» በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ መሪዎቹ አስመራ ላይ ሲተቃቀፉ በቴሌቪዥን አይታ አለቀሰች። «አንዳንዶቹ መጡ። ሃያ ዓመት ሙሉ ግን ሳምቡሳዬ አልተለወጠም ነበር።»

ወዳጄ ሬዲዮ ስለሌለው ወደ መስኮቱ አየ። እኔ ማስታወሻዬን ዘጋሁ። ሂሳብ ስንጠይቅ እምቢ አለችን።

ስድስተኛው ቤት

ከዚያ ስንወጣ ወዳጄ መኪናውን ሳያስነሳ፣ «አንድ ቤት ቀርቷል» አለኝ።

«የቀረ የለም።»

«አለ። አንተም ታውቀዋለህ።»

አውቀዋለሁ። አንባቢ ይፍረደኝና እዚህ ላይ ስለ ራሴ ትንሽ ልናገር። ባለቤቱና እኔ አዲስ አበባ አንድ የግል ጋዜጣ ላይ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሠርተናል። በ1998 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጋዜጠኞች ሲታሰሩ እሱ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ወጣን። ጀርመን ስንገናኝ በስደተኞች መጠለያ አንድ ክፍል ደረሰን፤ አንድ ድስት ነበረን። እኔ ማይንዝ ትምህርት ቤት ስገባ እሱ ሳህን እያጠበ የትራም ቲኬቴን ገዝቶልኛል። ምግብ ቤቱን ሲከፍት የበሩን ጽሑፍ በአማርኛ የጻፍኩለት እኔ ነኝ።

በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ተነሳ። እሱ የወላጆቹ ስልክ ተቋርጦበት ሌሊቱን አይተኛም ነበር። እኔ የራሴ ሐዘንና የራሴ ቁጣ ነበረኝ። አንድ ማታ በዚያው ቤት፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ አንድ ቃል ተናገርኩት። ቃሉን አልደግመውም። ስለ ጦርነቱ ቢሆን ኖሮ ክርክር ይባል ነበር፤ እኔ ግን የተናገርኩት ስለ ወላጆቹ ነው። እሱ ምንም አልመለሰልኝም፤ ኮቴን አምጥቶ ሰጠኝ። ከዚያ ማታ ጀምሮ አልገባሁም። በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ፕሪቶሪያ ላይ ሲፈራረሙ ስልኬን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ሰዎቹ ሲታረቁ እኛ ቀረን።

በስድስተኛው ቅዳሜ ወዳጄ በሩ ላይ አወረደኝና «እኔ መኪናውን ላቁም» ብሎ ሄደ። የት ሊያቆም እንደሄደ እግዜር ይወቀው፤ አልተመለሰም። የጻፍኩት ጽሑፍ ቀለሙ ፈዝዞ አሁንም በሩ ላይ አለ። የትኩስ ዘይትና የቃሪያ ሽታ እስከ መንገድ ይወጣል። ባለቤቱ፣ ማለትም ሚስቱ፣ በመስተዋቱ አየችኝ። በሩን ከፈተችና፣ «ምነው ቆምክ፣ ብርድ አይደለም እንዴ? ግባ እንጂ» አለችኝ፤ ልክ ትናንት እንደተለያየን።

ወጥ ቤቱ ክፍት ነው። እናቷ፣ ከድሬዳዋ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው የቀሩት እማማ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ይሠራሉ። እሱ ዘይቱ ጋ ቆሟል። ዞሮ አየኝና ወደ ዘይቱ ተመለሰ። እኔ የምሄድበት ስላጣሁ የእማማን እጅ ማየት ያዝኩ።

ሥራቸው እንዲህ ነው። ዱቄት፣ ጨው፣ ጥቂት ዘይትና ለብ ያለ ውኃ አቡክተው ግማሽ ሰዓት ያህል ያሳርፉታል። ሊጡን በትንንሹ ያድበለብሉና አንዱን በመዳመጫ ጥቂት ይዘረጉታል። ላዩን ዘይት ቀብተው ዱቄት ነስንሰው ሌላውን ይደርቡበታል፤ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ እስኪሳሱ ይዳምጣሉ። ምጣድ ላይ ጣል አድርገው፣ ሳይጠቁር ጥሬነቱ እንደለቀቀ አንስተው በጣታቸው ሁለቱን ይላቅቋቸዋል። በተላቀቀበት በኩል ቂጣው እንደ ሐር ነው። ከዚያ እንደ ሪባን ይቆርጡታል፣ እንደ ጎፍላ ያጥፉታል፣ ምስሩን ይሞላሉ፣ ጫፉን በቀጭን የዱቄት ሙጫ ይለጥፋሉ። አንዲት ቀዳዳ ከቀረች ዘይት ይገባል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ማዕዘን በአውራ ጣታቸው ይዳብሱታል። ምስሩ ቀድሞ ተቀቅሎ፣ ጠፍፎ፣ ፍጹም ቀዝቅዟል። ትኩስ ምስር ቂጣውን ያልባል። ሽንኩርቱና ቃሪያው የሚገቡት ጥሬያቸውን፣ በመጨረሻ ሰዓት ነው።

«ዘይቱ መድረሱን በምን ያውቃሉ እማማ?» አልኩ።

«በጆሮዬ ነዋ። ቁራጭ ሊጥ ጣል አድርግበት። ዝም ካለ ገና ነው፣ ከጮኸ አልፏል፤ ካንሾካሾከ በለው።»

ባለቤቱ የወጣውን አራት ሳምቡሳ በሳህን ይዞ ፊቴ አስቀመጠው።

«ለጋዜጣ ነው ለሆድህ?»

«ወሬው ደረሰህ?»

«ታክሲ ነጂው እዚህ አይደል የሚበላው። ለጋዜጣ ነው ለሆድህ?»

«ለጋዜጣ።»

«እንግዲያስ ትከፍላለህ።»

ቆሜ ነበር፤ ተቀመጥኩ። «ያን ማታ የተናገርኩት...» ብዬ ጀመርኩ። አምስት ዓመት ሊሞላው ወራት የቀረውን ነገር እንዴት እንደምጀምረው አራት ዓመት ተኩል አስቤበት ነበር። «ጥፋት ነው። ስለ ወላጆችህ መናገር አልነበረብኝም። ይቅርታ አድርግልኝ።»

እጁን በጨርቅ ጠረገ። «አባቴ በዚያው ዓመት ሞተ» አለ። «የሰማሁት ከሰባት ወር በኋላ ነው።»

አላወቅኩም ነበር። በፍራንክፈርት ሐበሻ መካከል ለቅሶ የማይሰማው ለመስማት የማይፈልግ ብቻ ነው። ከወንበሬ ተነስቼ፣ ልማዱም ጊዜውም ያለፈበት ቢሆን፣ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አልኩት። ትከሻዬን ያዘ፤ ወዲያው ለቀቀ።

«ብላ፣ ቀዝቅዞ አይሆንም።»

በላሁ። ቂጣው ተሰማ፤ ሳይበተን። ምስሩ ፍሬ ፍሬ። ቃሪያው መጨረሻ ላይ መጣ። ወረቀቱን ገልብጬ አየሁት፤ የዘይቱ ምልክት የሳንቲሙን ግማሽ አያክልም። እንባዬ የቃሪያው ነው ብዬ ልጽፍ ፈልጌ ነበር፤ ቃሪያው ግን ያን ያህል አያቃጥልም።

ዳኛው ምን አለ?

አንድ ጋዜጠኛ በዚህ ሁኔታ የሚሰጠው ፍርድ ፍርድ አይደለም። ስለዚህ ከአራቱ አንዱን በወረቀት ጠቅልዬ፣ ሂሳቤን ከፍዬ (አስከፈለኝ!) ወጣሁ። ወዳጄን መንገዱ ጫፍ ላይ ሬዲዮ ከፍቶ አገኘሁት። ከየት እንደሆነ ሳልነግረው ሰጠሁት። እዚያ የሚበላ ሰው ነውና ሳያውቀው አይቀርም፤ ቢሆንም እውነተኛ ዳኛ ነው። ዝም ብሎ ጨረሰና ጣቱን ላሰ። «ጨው ትንሽ አንሶታል» አለ። «ግን ይኼ ነው።»

እነሆ ውጤቱ። በቂጣና በዘይት ስድስተኛው ቤት አንደኛ። በምስር ኤርትራዊቷ እናት አንደኛ፤ ሁለቱ በቂጣ ባይለያዩ ኖሮ ዳኞቹ ይጣሉ ነበር። የባቡር ጣቢያው ቤት በዋጋ አንደኛ። ቦክንሃይም በርግሊንዘን ከገዛች በሚቀጥለው ዓመት ትፈራለች። ዛክሰንሃውዘን ከውድድር ውጭ፣ ማባያው ግን ሊሞከር ይገባዋል። ቦርንሃይም ቡናውን ጠጡ።

የአክስቴ ልጅ መጣች፤ ወሰድኳት። ስምንት በላች። እማማን እጃቸውን ስማ ምስጢሩን ጠየቀቻቸው፤ እሳቸውም ለእኔ ያሉኝን አሏት። እሱና እኔ ስለ ጦርነቱ አላወራንም። የማንስማማበት ነገር አሁንም እንዳለ ነው፤ አንድ ቀን እንነጋገርበት ይሆናል። እስከዚያው ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ፤ ያስከፍለኛል።

«ቤቴን በስሙ ትጽፈዋለህ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር።

«አልጽፈውም።»

«ጥሩ። ከጻፍከው ያንተዎቹ እዚያ ምን ልትሠራ ገባህ ይሉሃል፣ የእኔዎቹም ለምን አስገባኸው ይሉኛል።»

ውድ አንባቢዎች፣ ቤቱን ማግኘት ለምትፈልጉ ምክሬ አንድ ነው። ራሳችሁ ታውቁታላችሁ። ላለመግባት የማላችሁበት አንድ ቤት አለ፤ የእናንተው ስድስተኛ ቤት እሱ ነው። ሳምቡሳው መጥፎ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ቢያንስ የምትጣሉበት እውነተኛ ምክንያት ታገኛላችሁ።

ቤታችሁ ልትሠሩት ለምትነሱ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ። በሄሰን ግዛት ሕግ ከ2014 ማብቂያ ጀምሮ በየመኖሪያ ቤቱ የጭስ ጠቋሚ ግዴታ ነው። ዘይቱ ማንሾካሾኩን ትቶ ከጮኸ እሱም አብሮ ይጮሃል። የደረሰብኝን ነው የምነግራችሁ።

በቸር ይግጠመን።